የትንሿ ጣት ቀለም

መምህሩ የማርከሩን ክዳን ሲነቅል የግራ እጄን ትንሿን ጣት ወደ መዳፌ አጥፋለሁ። ማንም አያየኝም፤ የምቀመጠው ከኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። ሽታው ግን እስከዚያ ድረስ ይመጣል። ይሰነፍጣል፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ይቀራል። ሌሎቹ ተማሪዎች ነጩ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን ሲገለብጡ እኔ ዘንገና ሐይቅ ዳር ነኝ። ጭጋግ ነው። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ፈረስ ሲያሽካካ ይሰማኛል፤ ፈረሱ ግን አይታየኝም።

ኮሮና የገባበት ክረምት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ቤታችን ቆሰበር ነው። በወረቀት ላይ እንጅባራ እንጽፋለን፤ በአፋችን ግን ቆሰበር ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀመጥ እሱ መንገድ ላይ ነበር። በሽታውን የሚያመጡት ሹፌሮች ናቸው ይባል ስለነበር ጎረቤቶቻችን እናቴን ከሩቅ ሰላም ማለት ጀመሩ። አባቴ ዳንግላ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለብቻው ሆነ። እናቴን፣ እኔንና የስምንት ወር ወንድሜን ናሆምን ደግሞ ዘንገና አጠገብ ወዳለው ወደ አባቱ ቤት ሰደደን።

እውነቱን ለመናገር እኔ ያን ዘመን አልጠላሁትም። ሰው ሲመጣ መሳም ቀርቶ ነበር። እናቴ ከአሮጌ አንሶላ የሰፋችልኝ ማስክ ግማሽ ፊቴን ይሸፍንልኝ ነበር። ከማስኩ በስተጀርባ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ለሰዎች የማልደፍረውን ሁሉ እመልስላቸው ነበር፤ ማንም አይሰማኝም። ዓለም በሙሉ እንደ እኔ ዓይን አፋር የሆነ መሰለኝ።

ዘንገና የደረስንበትን ቀን አልረሳውም። አባቴ ዕቃችንን ጭኖ ከፊት ሄደ፤ እኛ በሚኒባስ ተከተልነው። ስንደርስ ዕቃውን ከአስፋልቱ ዳር አራግፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ማዶ ቆሞ አገኘነው። አያቴ አባባ ፈረሳቸውን እየሳቡ ከጭጋጉ ውስጥ ወጡ። ረጅም ሰው ናቸው። የለበሱት ገሳ፣ ያ በዝናብ ጊዜ የሚለበሰው የሣር ካባ፣ ትከሻቸውን አስፍቶት የሚራመድ ጎጆ አስመስሏቸው ነበር። አባቴን ሲያዩ ቆሙ። በመካከላቸው አስፋልቱ ነበር።

«እንዴት ከረምህ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ከረሙ?»

«ደህና ነኝ። መኪናህስ ጤና ናት?»

«ደህና ናት። ከብቱስ?»

አንድ አውቶብስ በመካከል አለፈና መልሱን ይዞት ሄደ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። «እንዴት ከረምህ?» «እርስዎ እንዴት ከረሙ?» ቦቴ አለፈ። አሁንም እንደገና። አባቴ ሌላ ጊዜ የአባባን ጉልበት ሳይስም የማይቀመጥ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን እጁን አንሥቶ ማዶ ቀረ። እኔ አጥፍቶ የተባረረ መሰለኝ። «ምን አድርጎ ነው?» ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። «ዝም በይ» አለችኝ፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር። ስለዚህ ገመትኩ፤ ሰው በዚህ ቤት ሲያጠፋ ከአስፋልቱ ማዶ ይደረጋል ማለት ነው።

የአባባ ቤት ከሐይቁ አፋፍ ብዙም አይርቅም። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሐይቁ ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣና በራችን ላይ ይቆማል። ከእሱ ጋር የከሰል ጭስ ሽታ ይመጣል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክላል፣ ይቆርጣል፣ አፈር አልብሶ ያነደዋል። የእኔ ሥራ ናሆምን ማዘልና ቦራን ሣር ወዳለበት መውሰድ ነበር። ቦራ ፈረሱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። አባባ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከቦራ ጋር በአገውኛ ነበር የሚያወሩት። እኔ አገውኛ ግማሽ በግማሽ ነው የምሰማው፤ ስለዚህ ዋናውን ነገር ሁሉ ለፈረሱ የሚነግሩት ይመስለኝ ነበር።

በሄድን በሳምንቱ የከብት ክትባት ነበር። አባባ ገና ሳይነጋ ተነሥተው መንደሩን በጩኸት ቀሰቀሱ። ከብቱ በግንድ በታጠረች ጠባብ መተላለፊያ አንድ በአንድ ሲያልፍ ሐኪሙ ይወጋል፣ ረዳቱ ጎኑ ላይ ቀለም ይቀባል። አባባ ግን መጨረሻ ላይ መቀስ ይዘው ቆመው፣ የተወጋውን ሁሉ የጭራ ጸጉር ጫፍ ትንሽ ትንሽ ይቆርጡ ነበር።

«አያ ፈንቴ፣ ቀለሙ አይበቃም እንዴ?» አላቸው ሐኪሙ እየሳቀ።

«ቀለሙን ዝናብ ያጥበውና ነገ ተወግቷል አልተወጋም እያልን ስንነታረክ እንከርማለን» አሉ። «ጭራው ግን ይመሰክራል።»

እኔ ይህን በራሴ መንገድ ተረዳሁት። በሽታ በጭጋግ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ የእያንዳንዱን ከብት ጭራ እያነሣ የሚያይ ነገር ሆኖ ታየኝ። ጫፉ የተቆረጠ ሲያገኝ ይተወዋል፤ ያልተቆረጠ ሲያገኝ ይገባል። መርፌው ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁም። ምልክቱ ነበር የገባኝ።

እትዬ ውድነሽ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ጭቃ የማይፈራ ቦት ጫማ ነበራት፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ሳጥን። ሳጥኑ በረዶ እንዳለበት ስሰማ ኮሮናን አስረው የያዙበት መስሎኝ ከናሆም ጋር ወደ ጓዳ ሸሸሁ። ከጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት።

«ይኸ ሕፃን ስንት ወሩ ነው?»

«ወር ቆጣሪዋ እናቱ ናት» አሉ አባባ። ገመድ እየገመዱ ነበር።

«ዘጠኝ ሞላው» አለች እናቴ ፈጠን ብላ።

«እሰይ! ረቡዕ ትምህርት ቤቱ ግቢ የኩፍኝ ክትባት አለ። ይዘሽው ነይ።»

«አይመጣም» አሉ አባባ።

«ምነው አያ ፈንቴ? ለከብትዎ ሲሆን መንደር የሚቀሰቅሱት እርስዎ አይደሉም?»

«ከብት ሌላ ነው። ኩፍኝ መርፌ አይወድም።»

«እኛ እኮ የታመመ አይደለም የምንወጋው። ጤነኛውን ነው፤ ኩፍኝ እንዳይዘው።»

«ሰማሁሽ፣ ልጄ። ድካምሽን እግዜር ይቁጠርልሽ። አይመጣም።»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ብቅ አሉ። እሳቸው ወሬ ሲኖር ከአጥር ማዶ የሚጠፉበት ጊዜ አልነበረም። «የኮሮናውን ነው አሉ በኩፍኝ ስም የሚሞክሩት!»

«የኮሮናው ክትባት ገና አልተሠራም፣ እትዬ ጥሩ» አለች ውድነሽ። «የተሠራ ዕለት መጀመሪያ የምወጋው እርስዎን ነው። እስከዚያ ድረስ እባክዎ ያን ነጠላ አፍዎ ላይ ያድርጉት።»

እናቴ አልሳቀችም። ውድነሽ ስትሄድ ስልኳን ይዛ ወጣች። ኔትወርክ የሚገኘው የሐይቁ አፋፍ ላይ ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነበር። ናሆምን አዝዬ ተከተልኋት። ከታች ሐይቁ ጭጋጉን ክዳን አድርጎ ተኝቷል። ጦጣዎች ከዛፉ ላይ ሆነው ያዩናል።

«ልጅህ ነው!» ትላለች እናቴ። «አዎ፣ አባባ አይሆንም አሉ… ታዲያ አንተ በላቸዋ! … አንተ አባቱ አይደለህም?»

የአባቴ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ይወጣ ነበር። «የአባባን ቃል አልፌ ምን ልበልሽ? እኔ ሩቅ ነኝ። ቤቱ የእሳቸው ነው።»

እናቴ ስልኩን ዘጋችና ቆመች።

«ምን አለ አባዬ?»

«ኔትወርኩ ተቆረጠ» አለችኝ።

ረቡዕ ዕለት ውድነሽ በራችን በኩል አለፈች። አብራት የምትሠራው ልጅ ቀርታባት ነበር። «ይህቺ ልጅ መጻፍ ትችላለች አይደል? ለዛሬ አውሱኝ» አለች። አባባ ፈቀዱ፤ እኔ እንደምሄድ እንጂ ናሆም እንደማይሄድ ሁለት ጊዜ አስረግጠው ነገሯት።

ውድነሽ ትወጋለች፣ እኔ የተወጉትን ልጆች የግራ እጅ ትንሿን ጣት በማርከር እቀባለሁ። ጥፍሩንና ከጥፍሩ ሥር ያለውን ቆዳ። ማርከሩ ወይን ጠጅ ነበር። ጣቶቹን አሁንም አስታውሳቸዋለሁ፤ የገብስ ቂጣ የተጣበቀበት፣ ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ የገባበት፣ በእንባ የራሰ። ልጆቹ ሲወጉ ይጮሁ ነበር፤ ቀለሙን ሲያዩ ግን ዝም ይላሉ። ጣታቸውን ቀስረው እንደ ሻማ ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ጣቱን እያሳየኝ ሳቀልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ሰው እጁን ሰጥቶኝ አያውቅም። ወደ ቤት ስመለስ ማርከሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ረስቼው ነው፤ ይህን ማንም ቢያምነኝ ባያምነኝ፣ ረስቼው ነው።

ውድነሽ ሐሙስ ሌላ ቡድን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እንደሚከትብ፣ አርብ ዕለት ደግሞ እሷ ያልተከተቡትን ለመፈለግ ቤት ለቤት እንደምትዞር ተናግራ ነበር። ያን ምሽት እራት ላይ እናቴ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «አርብ ስትመጣ እዚሁ በር ላይ አስወጋዋለሁ» አለች።

አባባ ጉርሻቸውን መሶቡ ላይ መለሱት። «በዚህ በር ላይ ከሆነ፣ እኔ በዚህ በር አልገባም» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ገሳቸውን ለብሰው ወጡና ከቦራ ጋር ጋጣው ውስጥ ተቀመጡ። ዝናቡ ይዘንባል። እናቴ ናሆምን አቅፋ ታለቅሳለች።

እኔ ሒሳቡን አሰላሁት። አባዬ ከአስፋልቱ ማዶ ተደርጓል። አባባ ከቤት ወጥተዋል። አርብ ከመጣ እናቴ ወዴት ትደረጋለች?

ሐሙስ ቀትር ላይ እናቴ ልብስ ልታጥብ ወረደች፤ አባባ እርሻ ነበሩ። ናሆም ተኝቷል። ጡጫው ተዘግቶ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስከፍታቸው በእንቅልፉ የሚጠባ ይመስል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። የማርከሩን ክዳን ስነቅል ሽታው ቤቱን ሞላው። ጥፍሩ የምስር ፍሬ ታህል ነበር። ቀባኋት፤ እፍ እያልኩ አደረቅሁለት። ግማሹ ልቤ ማታለሌን ያውቅ ነበር። ግማሹ ግን፣ አሁን በሽታው ጭጋጉን ይዞ ቢመጣ ይህችን ጣት አይቶ ያልፋል ይል ነበር።

መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። ልታጠባው ስትቀመጥ እጁን ያዘች፣ አገላበጠችው፣ ቀና ብላ አባባ ወደሚያርሱበት አየች። የዚያን ቀን ጠዋት አባባ እንደልማዳቸው ናሆምን ፈረስ ላይ አስቀምጠው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወስደውት ነበር። በዓይኗ ሒሳቡን ስትሠራው አየሁ። አባባ ራሳቸው አስወግተውታል። እምቢ ብለው፣ አድረው፣ ተጸጽተው፣ ሳይነግሯት። ሽማግሌ ሰው ቃሉን ሲያጥፍ እልል አይባልበትም። ዝም አለች። ማታ ውኃ አሙቃ፣ ከእግራቸው ሥር ተንበርክካ፣ እግራቸውን አጠበች።

በዚያው ሰዓት ናሆም ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ ጢማቸውን ይጎትት ነበር። አባባ ጣቱን አዩ። ፊታቸው ላይ ያለው ሁሉ ቆመ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ ውኃው ላይ ያጎነበሰችውን እናቴን ተመለከቱ። እሳቸውም ሒሳባቸውን ሠሩ። ምራታቸው ልብስ ልታጥብ ብላ ወጥታ አስወግታዋለች፤ አሁን በእግራቸው ሥር ይቅርታ እየጠየቀች ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ጥፋቱ አይነገረውም።

«ተባረኪ» አሉ ብቻ።

«አሜን። እርስዎም ይባረኩ» አለች እናቴ እያለቀሰች።

አስፋልቱ ማዶና ማዶ ቆመው የተነጋገሩትን አባትና ልጅ አስታወሰኝ፤ በመካከል የሚያልፈው መኪና እኔ ነበርኩ።

አርብ ውድነሽ መጣች። በሩ ላይ ቆማ የናሆምን እጅ አነሣች። «እንዴ! ማን ወጋው?» እናቴ አባባን አየች፤ አባባ እናቴን አዩ። ሁለቱም ፈገግ አሉ፣ ሁለቱም አልመለሱም። «በቃ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለው ቡድን አግኝቶታል ማለት ነው» አለች ውድነሽ። «ጎሽ፣ አያ ፈንቴ! ይኸው እንዲህ ነው።» በራችን ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ማርከሬን አላየሽም?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ማስክ አድርጌ ስለነበር የፊቴን መቅላት አላየችም።

የዚያን ጊዜውን ሰላም ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። ዝናቡ ለስላሳ ሆነ። እናቴ ሥራ እየሠራች ታንጎራጉር ነበር። አባባ ማታ ማታ ስለ ፈረሶች ያጫውቱን ነበር። ጠዋት ከአልጋቸው ሲነሡ መጀመሪያ የሚያደርጉት የእጃቸውን ጀርባ ናሆም ግንባር ላይ ማኖር ነበር። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይቆማሉ። እየመረቁት ነበር የሚመስለኝ። ትኩሳት እየጠበቁ እንደሆነ አላወቅሁም።

ቀኖች አለፉ፤ ትኩሳቱ አልመጣም። አባባ ቀስ በቀስ ወገባቸው ቀና አለ። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ለእትዬ ጥሩ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው። «የኛው ተወግቶ ይኸው ፈረስ ይጋልባል። ምንም አልነካው። የናንተንም ውሰዱ።»

«እርስዎ? እርስዎ አስወጉ?» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ተወጋ አልኩሽ እንጂ ማን እንዳስወጋ መች ነገርኩሽ?»

የአያ ፈንቴ ቤት ከተወጋማ ብለው ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቆሰበር ጤና ጣቢያ ወሰዱ። እውነተኛ ቀለም ተቀብተው ተመለሱ። እትዬ ጥሩ ግን ነገ ነገ ሲሉ ቆዩ። እኔ በየሁለት ቀኑ የናሆምን ጣት በስውር አድስ ነበር። ማርከሩ እየደረቀ፣ እየጮኸ መቀባት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ እትዬ ጥሩ ቤት ኩፍኝ ገባ፤ ትንሹ ልጃቸውን ያዘው። ቤታቸው በአንድ ቀን ጸጥ አለ። ከአጥሩ ማዶ የሚወጣ ድምፅም ሽታም ጠፋ፤ ኩፍኝ ባለበት ቤት ምንም ነገር አይቆላም። መስኮቱ በጨርቅ ተሸፈነ። ከመንገድ የመጣ ሰው ላቡ እስኪደርቅ ደጅ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እኔ በሽታው ጭጋጉን ይዞ እንደመጣና እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደሚያርፍ አሰብኩ። ከዚያ ቤት እስከ እኛ ቤት አንድ አጥር ነበር። ማታ ማታ የናሆምን ጣት በእጄ ጨብጬ እተኛ ነበር። ጭራ የተቆረጠበት ወይፈን በልቤ ይመጣል። ወይፈኑ ግን ተወግቶ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት አባባ ገሳቸውን ለብሰው ናሆምን አቀፉት።

«እትዬ ጥሩን ልጠይቃት። ልጇ ተሽሎታል፣ ሰው ናፍቆታል አለች። ይኸኛው ሄዶ ያጫውተዋል» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ ኩፍኝ አለ እኮ» አለች እናቴ።

«ይኸማ ተወግቷል» አሉ አባባ፤ ሲናገሩትም ኮራ ብለው ነበር። እናቴም አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። «እውነትዎን ነው። እሱስ ተወግቷል።»

እግራቸውን ከመድረኩ አነሡ።

«አባባ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ማስኩን አወረድኩት። «አባባ!»

ዘወር አሉ። ጮክ ብዬ ስጠራቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«አልተወጋም» አልኩ። «እኔ ነኝ የቀባሁት።» ማርከሩን ከኪሴ አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ በእጄ ልሰጣቸው አልቻልኩም።

 እናቴ ቀስ ብላ ወደ አባባ ዞረች።

«እርስዎ አልወሰዱትም?»

«አንቺ አልወሰድሽውም?» አሉ አባባ።

እርስ በርስ ተያዩ። የተሳሰቡት ሁሉ፣ የእግር ውኃው፣ ምርቃቱ፣ ዝምታው፣ አንድ በአንድ ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት። አባባ መድረኩ ላይ ተቀመጡ። የናሆምን ጣት ያዙ፣ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው አሹት። ቀለሙ ደብዘዝ አለ። ደግመው አሹት። እንድመታ ጠበቅሁ፤ ከአስፋልቱ ማዶ እንድደረግ ጠበቅሁ።

«ለምን?» አሉኝ።

«እርስዎ ከቤት እንዳይወጡ» አልኩ።

 ከዚያ ናሆምን ለእናቴ ሰጧት። «ቦራን አምጪልኝ» አሉኝ።

በዚያው ዝናብ ወደ ቆሰበር ሄድን። እናቴ ናሆምን አዝላ በፈረሱ ላይ፤ አባባ ልጓሙን ይዘው ከፊት፤ እኔ እርካቡን ይዤ ከጎን። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ውጦት ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አባባ ማውራት ጀመሩ። የሚያወሩት ለፈረሱ ነበር። ያን ቀን ግን ለቦራ በአማርኛ አወሩለት።

«በዚህ መንገድ ነበር፣ ቦራ። ያኔ አንተ አልነበርክም፤ ዳማዋ ፈረስ ነበረች። እናኑን ፊቴ አስቀምጫት ነበር። አራት ዓመቷ። ኩፍኝ ይዟት፣ እናቴ 'ከጨለማው እንዳታወጣት፣ መርፌ እንዳታስነካት' እያለችኝ፣ አልሰማ ብዬ ወሰድኳት። ወጓት። ስንመለስ እዚህ ድልድዩ ላይ ቀለለችኝ።» ጥቂት ተራመዱ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ 'ወግተህ ገደልካት' አለችኝ።»

አባቴ እናኑ የምትባል እህት እንደነበረችው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ቀድሞ ይዟት ነበር እኮ፣ አባባ» አለች እናቴ ከፈረሱ ላይ፣ በጣም ቀስ ብላ። «መርፌው አይደለም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አንዳንድ ቀን አውቃለሁ።»

ጤና ጣቢያው በር ላይ እጃችንን በሳሙና ታጠብን። ጥበቃው የሙቀት መለኪያውን ወደ ግንባራቸው ሲያነጣጥር አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ሰጡት። ውስጥ የነበረችው ነርስ፣ አባባ ከእናቴ ጀርባ ተቀብለው ያቀፉትን የናሆምን እጅ አየች። ብዙ ጊዜ ደራርቤ ስለቀባሁት ቀለሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ነበር።

«ይኸ ልጅ ተከትቧል እኮ።»

«ያ የእህቱ ሥራ ነው» አሉ አባባ። «እናንተ የእናንተን ሥሩ።»

እናቴ ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ አልሰጧትም። ናሆምን ራሳቸው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።  ነርሷ መርፌውን ስታቀርብ እናቴ ፊቷን አዞረች፣ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት አባባ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩ ነበር። ናሆም ጮኸ። ነርሷ የቀኝ እጁን ትንሿን ጣት ቀባችለት፤ ያ ሽታ እንደገና መጣ፤ ናሆም ዝም አለ።

ቤት የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። አባባ ማርከሩን ካስቀመጥኩበት መሬት አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ነገ ለባለቤቷ ትመልሻለሽ። ምን እንዳደረግሽበትም በራስሽ አፍ ትነግሪያታለሽ።» ለእኔ ከዚያ የከበደ ቅጣት እንደሌለ ያውቁ ነበር።

ከዚያ ገሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ውኃው ከላያቸው እየተንጠባጠበ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት የከብቱን መቀስ አወረዱ። እናቴ ጀርባዋ ላይ የተኛውን ናሆምን አጥብቃ ያዘች።

«ምን ሊያደርጉ ነው፣ አባባ?»

ጎንበስ ብለው ከጆሮው በላይ ያለውን ጸጉር በሁለት ጣት ያዙና ጫፉን ቆረጥ አደረጉት።

«ቀለም ይታጠባል» አሉ። «ይኸን ግን ሁላችንም እናየዋለን።»

የተቆረጠችውን ጸጉር መዳፋቸው ውስጥ ይዘው ወደ ቦራ ሄዱ። ከጋጣው ድምፃቸው ይሰማ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ፣ በአገውኛ። ዋናውን ነገር ግማሽ በግማሽ ነው የሰማሁት። «እናኑ» የሚለውን ግን ሰምቻለሁ።